ከጥጆቹ ጋጥ አጠገብ

ስለ እኅቴ ስለ ሸጋዬ ሲወራ ሰው ሁሉ ጠላዋን ያነሳል። ጠላዋ ደህና ነበር። እኔ ግን የማደንቃት ባሏን ከጥጆች ጋጥ ባወጣችበት ብልኀት ነው።

ዘመኑ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነበር። ባሏን አያ እጅጉን ሽንታቸው እየተያዘ ያሰቃያቸው ጀመር። ከቋሪት የመጣው ሥራሥርም አልፈየደም። ሲጨንቃት በበቅሎ ጭና ቡሬ ወሰደቻቸው። አገሬው፣ “የጠላት ሐኪም ጋ ሄዱ” ብሎ ያማ ነበር፤ ጆሮም አልሰጠችው። ሐኪሙ በጎማ ቧንቧ ሽንቱን አፈሰሰላቸውና፣ “ከፊኛው ሥር ነቀርሳ አለ፤ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም” አለ በአስተርጓሚ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ቀለል አለላቸው፤ ሽንታቸው ግን ሳያውቁት የሚንጠባጠብ ሆነ።

አያ እጅጉ ኩሩ ሰው ነበሩ። ከቡሬ እንደተመለሱ አጎዛቸውን ጠቅልለው ከመደቡ ወረዱና እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከጥጆቹ ጋጥ አጠገብ አነጠፉ። ሽታቸው እንዳይለይ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ። “የሚንጠባጠብ ሰው የማኅበር ጽዋ አይነካም” ብለው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ቄስ እንኳ አልጠየቁም፤ እንዴት ብለው ይጠይቁ! ሸጋዬንም፣ “አንች ገና ነሽ፣ ወንድምሽ ጋ ሂጅ” ይሏት ጀመር።

እኔ ብሆን እሄድ ነበር። ቁጡ ነኝ፤ ሂጅ ያለኝን ሰው ሁለቴ አላስለፈልፍም። እሷ ግን የራሷን አጎዛ አምጥታ ከጎናቸው አነጠፈች።

“ምን ልትሆኝ ነው?” አሉ።

“ልተኛ ነዋ።”

“እሸታለሁ እኮ፣ አንች ሴት!”

“ኧረ ይተዉኝ፤ እነዚህ ጥጆች እያሉ እርስዎን ማን ያሸታል?”

አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክረምቱን እንዲህ ከረሙ፤ እሷ ጨርቃቸውን ወንዝ ወስዳ በእንዶድ ታጥባለች፣ እሳቸው አያዋሯትም። እኔ ፊት አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች። “መሞታቸውን እችለዋለሁ፤ በቁማቸው ሲተዉኝ ግን አልቻልኩም” አለችኝ።

ወንዝ ላይ ደግሞ የቄስ ኃይለ ሚካኤል ሚስትም ታጥብ ነበር። የቄሱ ጨርቅ እንደ አያ እጅጉ ጨርቅ መሆኑን ሸጋዬ አይታለች። ሁለቱ ሴቶች ስለዚህ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔም የሰማሁት ሁለቱ ወንዶች ካረፉ በኋላ ነው።

ጥቅምት ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። አያ እጅጉ ከጋጡ አልነሳም አሉ። ሸጋዬ አልለመነቻቸውም። ጥጆቹን አስወጣች፣ ጋጡን ጠረገች፣ ሣር ጎዝጉዛ ማኅበርተኛውን እዚያው አስቀመጠች። ቄሱን ከባሏ ጎን አደረገችና ዋንጫቸውን በላይ በላዩ ትሞላ ጀመር። ሰውዬውን ልታሰክር ነው ብዬ ተናደድኩባት።

ቄሱ ወጡ፣ ተመለሱ። ደግመው ወጡ። መጨረሻ ላይ ጽዋውን አንስቶ ለሚቀጥለው ባለተራ የሚያስረክብ የቤቱ ጌታ ነው። አያ እጅጉ እጃቸውን ሰበሰቡ።

“እኔ ይቅርብኝ አባ፤ ንጹሕ አይደለሁም” አሉ ቀስ ብለው።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩአቸው። “ይኸ ጠላ ነው እጅጉ፤ ሥጋ ወደሙ አይደለም። እኔስ መቅደስ መግባት ትቼ ውጭ የምቆመው ጉልበቴ ታሞ ይመስልሃል? አንሣና አስረክብ፤ ከዚያ ደግፈኝ እንውጣ። አሁንም ሊያመልጠኝ ነው።”

አያ እጅጉ አፈጠጡ። “እርስዎም?”

“እኔም። ቶሎ በል!”

ጽዋውን አስረከቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ቆዩም። ሳቃቸው ቤት ድረስ ተሰማ። ሸጋዬ እንስራዋን እንዳቀፈች ቆማ ታዳምጥ ነበር። እኅቴን እንደዚያች ሰዓት ወድጃት አላውቅም።

ማኅበርተኛው ሲበተን ጥጆቹን ልታስገባ ወጣች። ስትመለስ አጎዛዋ ከቦታው የለም። አያ እጅጉ መደቡ ላይ፣ ከራሳቸው አጎዛ ጎን አንጥፈውት ጫፉን ያቃናሉ።

“ምነው?” አለች።

“እዚያ ይበርድሻል” አሉ።