ጤፍ የሚሰማው ሚዛን

ተቀምጬ የበላሁት እንጀራ ቢቆጠር አንድ ሌማት አይሞላም። ቢቸና ላይ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩትም እየተንጎራደድኩ ነው፤ ተማሪዎቼ የእንቅስቃሴ ሕግ የገባቸው ከሰሌዳው ሳይሆን ከእኔ ይመስለኛል። ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ይባላል። እኔ የወጣሁት ከክፍሉ ብቻ ነው።

ልጄ መሐንዲስ ናት። የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳተላይት ሰማይ ላይ የሚገፋ ሞተር ከባልደረቦቿ ጋር ትሠራለች። ሞተሩ የአንድ አምፖል ያህል ኤሌክትሪክ ይበቃዋል፤ ግፊቱም የጥቂት ጤፍ ፍሬዎች ክብደት ቢያህል ነው። ብቻ ለወራት አይደክመውም።

«ከአባትሽ ጉልበት ይሻላል» አልኳት።

«ረጋ ማለቱም ይሻላል» አለችኝ።

ያን ግፊት የሚለካ ሚዛን ይዛ መጣች፤ በቀጫጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ብረት ነው። አዲስ አበባ የሚሠሩበት ሕንፃ፣ ጎኑ ግንባታ ስላለ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይናወጥ መቆየቱን ዓርብ እስከ አሥር ሰዓት መዝግባ ካልላከች፣ ሞተሩ ውጭ አገር የሚፈተንበት ተራ ለሌላ ቡድን ያልፋል። እኔም ድርሻዬን ልወጣ ብዬ መሞከሪያ የሚሆን ጤፍ በክብሪት ቀፎ ሰጠኋት።

ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሰቀልነው። ኮምፒዩተሯ ላይ የሚዛኑን እንቅስቃሴ የሚያሳየው መስመር እንደ ገብስ እሸት ይወዛወዛል። በደጃችን የሚያልፈውን ባጃጅ ረገምኩ። ወደ ገበያ የሚነዱትን በሬዎች ረገምኩ። ወፍጮ ቤቱን ለምኜ አስቆምኩ። መስመሩ ከመወዛወዙ ወይ ፍንክች!

ሐሙስ ዕለት ሚዛኑን ታቅፈን ሞጣ ወረድን። ሁላችንም ሀጂ የምንለው ጨርቅ ነጋዴ ወዳጄ፣ ከሱቁ ራቅ ብሎ አለት ላይ የተሠራ መጋዘን አለው። ዓርብ ረፋድ ላይ ልጄ ከመጋዘኑ ብቅ አለች።

«አባባ፣ አሁን እዚህ ደጅ ላይ ስንት ጊዜ ተመላለሱ?»

«እኔ?»

«መስመሩ አሥራ አራት ይላል።»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ያ ምስኪን ባጃጅ ሦስት ቀን በከንቱ ተረገመ።

ሀጂ ሳቁን ሲጨርስ እጄን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። «ጁምዓ ልሰግድ ነው። እዚች በርጩማ ላይ ተቀመጥና ሱቁን ጠብቅ።»

«ሁልጊዜ ዘግተህ አይደል የምትሄደው?»

«ዛሬ የምዘጋው አንተን ነው።»

ተቀመጥኩ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በሁለት እጄ ተጫንኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ደቂቃ። ነጠላ ፈላጊ ሴት መጣችና «ሀጂ የሉም?» አለች።

«የሉም። እኔም የለሁም።»

ስንት ጊዜ ከበርጩማው ከፍ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ ልጄ እየሮጠች መጣች።

«አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጥ! ከዚያ ጤፉን ጣልኩበት፤ ሰማ፣ አባባ!»

«ላክሽው?»

«ደረሰ ብለው መልሰውልኛል። ይነሱ እንጂ፣ አሁንማ እንደፈለጉ ይዝለሉ!»

«ሀጂ ሳይመለስ እንዴት ሱቅ ጥዬ እነሳለሁ?» አልኩ፣ ኮስተር ብዬ። ሁለቱም እግሮቼ መደንዘዛቸውን ማወቁ ለእሷ ምን ይሠራላታል?