መጥረቢያው ያላረፈበት በር

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ይርጋ አዲስ ቁልፍ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ያቀረብኩለትን የገብስ ቂጣ እንኳ ሳይቆርስ፣ "አክስቴ፣ ዛሬ ለዚያ ሰውዬ አሳየዋለሁ" አለኝ።

ያ ሰውዬ የሚለው ተከራዩን ነው። ለመኖሪያ ብሎ የያዘውን ክፍል የብየዳ ቤት አድርጎበት ሲያንቋቋ ይውላል። ይርጋም ሰውዬው ገበያ ሲወጣ ጠብቆ ቁልፉን ሊለውጥበት ኖሯል።

"ለምን አትከሰውም?" ስለው፣ "ፕሮሰሱ ይረዝማል" አለኝ።

ፌስታሉን ከእጁ ወስጄ ከመደቡ ሥር ወሸቅኩትና "ቁጭ በል፣ ቂጣህን ብላ" አልኩት። ወሬ ሳላስይዝ ሰው እንደማልሸኝ ያውቃል። የዚያን ቀን የነገርኩትን ግን እስከዚያ ድረስ ሳልነግረው እንዴት እንደቆየሁ እኔንም ይገርመኛል።

ልጅነቴ እዚሁ ንፋስ መውጫ ነው፤ ከገበያው በላይ፣ ነፋሱ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ከሚመታበት ጥግ። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። እናቴን አገሩ ሁሉ እትዬ አንጓች ይላታል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር፤ ባንዱ እኔና እሷ እንኖራለን፣ ሌላውን አያ ሞላ የሚባል የበግ ነጋዴ ተከራይቶታል።

አያ ሞላ ሲገባ አንድ ፍራሽና አንድ ጀሪካን ብቻ ነበረው። ክረምቱ ሲብስ "ዝናብ ይዞኝ ነው፣ ለዛሬ ብቻ" ብሎ አንድ ሙክት አስገባ። ሙክቱ ወንድሙን አስከተለ፣ ወንድሙ ጎረቤቱን። ከወገዳ ገበያ በኩል ጭቃ ለብሰው የመጡት በጎች ሁሉ እኛ ዘንድ አረፉ። ሐምሌ ሲጋመስ ክፍሉ በረት ሆነ። ሽንታቸው በጭቃው ግድግዳ እየሰረገ ወደኛ መጣ፤ እናቴ የምትጋግረው ዳቦ ሳይቀር በግ በግ ይል ጀመር።

"አንተ ሞላ፣ እኔ ለሰው ነው ያከራየሁ!"

"እትዬ፣ እኒህ እኮ ከሰው ይሻላሉ። ሰክረው አይመጡ፣ ሰው አያሙ።"

"አያሙም፤ ግን ይገማሉ!"

ሽታውስ ቢቻል ይቻል ነበር። እስቴ አገር የተዳረችው ታላቅ እኅቴ ብርቄ ግን የበኩር ልጇን አርግዛለች። በአገራችን ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ለመስከረም ልትመጣ ነው፤ ለአራስ የሚሆን ክፍል ደግሞ ከዚያ ሌላ የለንም። እናቴ ገንፎውን በሐሳቧ ታገነፋለች፣ ቅቤውን ታጠራቅማለች፤ ልጇን የምታስተኛበት ግን አልነበራትም።

አንድ ጠዋት ቅቅል ድንች በሰፌድ ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ ጋሽ አየነው ሄደች።

"ቆርቆሮውን ላስነሣበት ነው፤ ዝናብ ይግባበትና ይውጣ" አለቻቸው።

ጋሽ አየነው ድንቹን እየላጡ "መቼ?" አሏት።

"ዛሬ።"

"እንግዲያስ የምታስፈልገኝ አንቺ አይደለሽም። እሱን ላኪልኝ፣ ክሱን እጽፍለታለሁ።"

እናቴ ሰፌዱን መልሳ ወደ ራሷ ሳበች።

"ስሚ አንጓች፣ ቤቱ ያንቺ ነው። ሰውዬው ሳይወጣ ግን በር ብትነቅዪ፣ ጣሪያ ብትገፍፊ፣ ዕቃውን ሜዳ ብትጥዪ፣ ተበዳይነትሽ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ለመኖሪያ ይዞ በረት ማድረጉ በቂ ምክንያትሽ ነው። ሲከራይ የነበሩትን ሰዎች ጥሪ፣ በነሱ ፊት ልቀቅ በዪው፣ መውጫ ቀን ስጪው። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። ቀኑ አልፎ እምቢ ካለ ዳኛ ያስወጣዋል። እጅሽን ብቻ አታንሺ።"

እንዳሉት አደረገች። አያ ሞላ ግን በምስክሮቹ ፊት ፈገግ ብሎ "ለመስቀል ሳልሸጣቸው ወዴት እሄዳለሁ?" አለ። ቀኑ አለፈ፣ ተከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱም ቀጠሮውን ከእንቁጣጣሽ በኋላ አደረገው።

ብርቄ ከቀጠሮው ቀድማ ደረሰች። ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቶ አደይ ብቅ ብቅ ብሏል። ከጭነት መኪና ላይ ሆዷን ደግፈው አወረዷት። ደጃችን ስትደርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "እማ፣ የምን ሽታ ነው?" አለች።

እናቴ ወደ ጓሮ ሄዳ መጥረቢያውን ይዛ መጣች።

አያ ሞላ ከገበያ ካመጣቸው ሁለት ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ ቆሎ ያሻምዳል። ሊታገላት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ ገለል አለላት። "ይስበሩት እትዬ፣ የገዛ ቤትዎ አይደለም?" ወደ ሰዎቹ ዞሮም "እዩልኝ እንግዲህ" አለ።

ለካ ሲጠብቃት ኖሯል! እናቴ ተይዛ ስትሄድ፣ እኅቴም ያለ እናት ስታምጥ ታየኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጮህኩ፦

"በሕግ አምላክ!"

ያኔ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ነው የሚቆም። ጠላት ጠላቱን ያቆምበታል። ልጅ እናቷን ስታቆምበት ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? እናቴ መጥረቢያዋ አየር ላይ እንዳለ ቀጥ አለች።

"አንቺ! እናትሽን?"

"እናቴን ነው! በሕግ አምላክ!"

ቀስ ብላ አወረደችው። ከሁለቱ ሰዎች ጢማቸው የሸበተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ሞላ፣ ቆሎ የጋበዝከን ለዚህ ኖሯል?" አሉት። "ሴትዮዋ ለሕግ ቆመች። እንግዲህ ከጠየቁኝ ያየሁትን ነው የምናገር፤ በሩ ደኅና ነው፣ ቤቱ ግን በረት ነው።"

እውነትም በቀጠሮው ቀን ለኛ የመሰከሩት እሳቸው ናቸው። ዳኛው "ለመኖሪያ ነው ለበግ የተከራየኸው?" ሲሉት፣ አያ ሞላ "ጌታዬ፣ አብሬያቸው ነው የምኖረው" ብሎ ችሎቱን አሳቀው። ቤቱን ልቀቅ ተባለ፤ ለቀቀም። በጎቹ ከግቢው ሲወጡ እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ የተነፈሰችው ትንፋሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወለሉን ጠርገን፣ ግድግዳውን በጭድ ጭቃ መርገን፣ ቄጠማ ጎዘጎዝን። ለመስቀል ዋዜማ ብርቄን ምጥ ያዛት። ሕፃኑን የተቀበለው ያ መጥረቢያ ያነሣው የእናቴ እጅ ነው።

ይርጋ ቂጣውን ጨረሰ። ቤቱ ከአያቱ የወረደለት ቤት እንደሆነ ያውቃል፤ ሊቆልፍበት የነበረው በርም ያው በር ነው።

"ሕፃኑስ?" አለኝ፣ እያወቀው።

"አድጎ ባጃጅ ነጂ ሆነ። አንዳንዴም ቁልፍ ይገዛል።"

ስቆ ወጣ። በማግስቱ ምስክሮች ይዞ ለሰውዬው መውጫ ቀን ሰጠው። ብየዳው እስካሁን ይሰማኛል፤ ይሰማ፣ ቀን ተቆርጦለታል። አዲሱን ቁልፍ ለዶሮ ቤቴ አደረግሁት። በዚያ ሳልፍ ያን በር በመዳፌ ዳበስ አደርገዋለሁ፤ አርጅቷል፣ ነፋስና ዝናብ በልቶታል፣ የመጥረቢያ ምልክት ግን የለበትም።