ረቡዕና ዓርብ የሚጠፉት ነጠብጣቦች

መጀመሪያ ያየሁት አንገቷን ነው። ከጥቁር ማተቧ ጎን የላቦራቶሪ ሰዓት መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ እትዬ ካሳነሽ ምግብ ቤት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጾሟን ልትፈታ ተቀምጣ ነበር። ጊዜው በፈረንጆች 2016፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ቀኑ ዓርብ ነው።

ሠናይት ትባላለች። ከምትኖርበት ከዌስት አዳምስ ሰፈር እየተመላለሰች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ትምህርቷን የጨረሰችው ስድስት ዓመት ፓርኪንግ እየሠራች ነው። የምታጠናው አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው አር ኤን ኤ በሚባል ሞለኪውል ለራሱ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ትእዛዙ ሲያረጅ በቆራጭ ፕሮቲኖች ይቆራርጠዋል። ቆራጮቹን አንድ ትልቅ ፕሮቲን ይሰበስብና ከሴሉ ሽፋን የውስጥ ገጽ ጋር ያያይዛቸዋል። አረንጓዴ ምልክት ሲደረግባቸው በማይክሮስኮፕ ሥር ዳር ዳሩን ነጠብጣብ ሆነው ያበራሉ። ከአጠገቧ ጠረጴዛ ሆኜ ይህን ስትነግረኝ ምግቤ ቀዘቀዘ። በዓይን የማይታይ ፍጥረት የጻፈውን ማጥፋትም ያውቃል!

እሷ ግን ጭንቅ ላይ ነበረች። ነጠብጣቦቹ አንዳንድ ቀን ይታያሉ፣ አንዳንድ ቀን ይበተናሉ። አለቃዋ በሳምንት ውስጥ ምክንያቱን ካላገኘች ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው።

«የሚጠፉት መቼ መቼ ነው?» አልኳት።

ደብተሯን ገለጠች። «ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ።»

እትዬ ካሳነሽ ምስር ወጥ እያቀረቡ ሳቁ። «እነሱም ይጾማሉ በይኛ!»

«አይቀልዱብኝ እትዬ። በሌላው ቀን ከሚያናውጣቸው ማሽን አውርጄ ወዲያው ነው የማያቸው።»

«ዛሬስ? አንቺ እዚህ ስትበዪ የት ናቸው?»

«ቱቦ ውስጥ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ…»

«አፍነሻቸው መጣሽ? አንቺስ ብትታፈኚ ሥራ ትሠሪያለሽ?»

ሠናይት ጉርሻው በአፏ እንዳለ ማኘኳን አቆመች። «አየር! ማሽኑ ላይ ሲናወጡ አየር ያገኛሉ። ከድኜ ሳቆያቸው ይጨርሱታል።»

«እንግዲያው ጾሙን ተይው» አልኳት።

«ጾሙ ምን አደረገ? የከደንኳቸው እኔ!»

ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ብልቃጥ እየቀዳች ግማሹን አናወጠች፣ ግማሹን ከድና አቆየች። በሚናወጠው ነጠብጣቦቹ ዳር ዳሩን ያዙ። በተከደነው ቆራጮቹ ከሽፋኑ ለቀው በሴሉ ውስጥ ተበተኑ። አላመነችም፤ አምስት ጊዜ ደገመችው።

በቀጣዩ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። እህል አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«አለቃሽ ምን አለሽ?» አልኳት ገና ከበሩ።

«ሥራው ያንቺ ነው አለኝ። እና አየር ሲያጡ ለምን እንደሚለቁ ደግሞ አሳዪኝ አለ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! በይ ቁጭ በይ፣ ብዪ» አሉ እትዬ ካሳነሽ።

«ጠቅልለው ይስጡኝ እትዬ። ስድስት ብልቃጥ ማሽን ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ለባክቴሪያ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«መኪና ውስጥ እበላለሁ።»

እኔ ገና ጥያቄ ነበረኝ። ፌስታሉን ተቀብላ ወጣች፤ ፌርፋክስን ተሻግራ ፓርክ ወዳደረገችበት ማዕዘን በፈጣን እርምጃ ሄደች።