በቃሌ የሳልኩት አለት

ነቀምት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንግሊዞች አሜሪካ ገብተው የሰፈሩበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ጠመኔ አነሳና የባሕሩን ዳርቻ በቃሌ እስላለሁ፤ ከታች ጄምስታውን፣ መሃል ላይ ፊላደልፊያ፣ ከላይ ቦስተን፣ ከቦስተን ዝቅ ብሎ ፕላይማውዝ። ፕላይማውዝ ላይ ሰፋሪዎቹ ከመርከብ ሲወርዱ መጀመሪያ ረገጡት የሚባለው አለት አለ። የእኔ አለት ከመርከቡ ምሰሶ ይበልጣል። እየተጎታተቱ ሲወጡት ሰዎቹ ጥቃቅን ሆነው ይታያሉ።

ያን ትልቅነት ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወላጆቼን ከጭነት መኪና ያወረዷቸው ከዲጋ ወደ ዲዴሳ በሚወስደው ቆላ ላይ ነው። አባቴ መጀመሪያ የረገጠውን መሬት አንድ ቀን ወስዶ አሳየኝ። የሰው የበቆሎ ማሳ ሆኗል፤ ምንም ምልክት የለውም። "እዚህ ጋ ይመስለኛል" አለኝ፤ ትንሽ ራመድ አለና ደግሞ "ወይም እዚያ" አለ። ሰፋሪዎች የረገጡት ድንጋይ ተከብሮ ተቀምጧል የሚል መጽሐፍ ላይ ሳነብ፣ ድንጋዩ ትንሽ ሊሆን ይችላል ብዬ ማሰብ አልሆነልኝም።

ተማሪዎቼ አሜሪካን አይቼ የመጣሁ ይመስላቸው ነበር። "ጋሼ፣ መቼ ነው የሄዱት?" ሲሉኝ "በሉ ወደ ትምህርታችን" እላለሁ። ሄጃለሁ ብዬ አላውቅም። አልሄድኩም ብዬም አላውቅም። መንገድ ላይ "አሜሪካን የሚያውቀው አስተማሪ" ሲሉኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ አልፋለሁ።

አምና ለታሪክ አስተማሪዎች የስድስት ሳምንት የአሜሪካ ሥልጠና መጣ። እኔ ሁለት ጊዜ አመልክቼ የቀረሁበት ነው። ዕድሉ ለአንዲት የበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልጅ ደረሰ፤ የራሴ ተማሪ የነበረች፣ አሁን ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የምታስተምር። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሳምኳት። ቤቴ ስገባ ግን ማሰብ ጀመርኩ፤ ካርታውን ያሳየኋት እኔ፣ አገሩን የምታየው እሷ። ቅናት አንገበገበኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ስትመለስ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አገኘችኝ። "አካም ቡልተን፣ ባርሲሳ?" ብላ እንዴት አደሩ አለችኝ። ዛሬም በኦሮምኛ መምህር ብላ ነው የምትጠራኝ። ስልኳን አውጥታ የጄምስታውንን የእንጨት አጥር፣ የፊላደልፊያን የተሰነጠቀ ደወል አሳየችኝ። ቀጥሎ ጉድጓድ በመሰለ ቦታ ውስጥ በብረት ተከልሎ፣ ተሰብሮ በሲሚንቶ የተጣበቀ ድንጋይ መጣ። ሁለት ሰው ከተቀመጠበት ሦስተኛው ቦታ አያገኝም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"አለቱ ነው፣ ባርሲሳ። እኔም አላመንኩም። ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ፣ ትልቁስ የት ነው ብዬ አስጎብኚዋን ጠየቅኳት።"

አልሳቀችም። እኔ ግን የሳቀችብኝ ያህል ተናደድኩ።

ርዕሰ መምህሩ አርብ በእኔ ክፍለ ጊዜ ገብታ ፎቶዎቹን ለተማሪዎቼ እንድታሳይ ወሰነ። ያ ድንጋይ ክፍሌ ውስጥ ከታየ አስራ ዘጠኝ ዓመት ይዤው የኖርኩት ስም አበቃለት። ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ችግር የለውም ብላ ፎቶ ቤት አሳጥባ በፖስታ ይዛ መጣች።

አርብ ዕለት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አወራች። ጄምስታውን ላይ ሰፋሪዎቹ በረሃብ እንደረገፉ፣ የአገሩ ሰዎች በቆሎ ሰጥተዋቸው እንደነበር ነገረቻቸው። እኔ በየዓመቱ የምለውን ነው የምትለው። ነገር ግን "እዚህ ጋ ቆሜ ነበር" ስትል ክፍሉ ፀጥ ይላል። ለእኔ እንደዚያ ፀጥ ብለው አያውቁም።

የመጨረሻውን ፎቶ አላነሳችውም። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ። እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በጉዞዋ ነበር፤ አሁን በጨዋነቷም ቀናሁ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነበር።

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ትልቁን አለትስ አላዩትም?"

መምህሯ ወደ እኔ አየች። "እሱን ባርሲሳ ያስረዷችኋል" አለች።

ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ለመዋሸት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ ጠመኔውም እዚያው ነበር። ፎቶውን ገልብጬ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

"አለቱ ይሄ ነው" አልኩ። "እኔ ስስልላችሁ የኖርኩት ስህተት ነው።"

"እርስዎ የሄዱ ጊዜ ሌላ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?"

"ሄጄ አላውቅም። አሜሪካን አይቼ አላውቅም።"

ማንም አልሳቀም። አንድ ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ ባሕሩ ይቀዘቅዛል ወይ፣ ምግቡ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቋት ጀመር። እኔ ወደ ኋላ ወንበሬ ተመለስኩ። ቅናቱ ትንሽም አልበረደልኝም። ቢሆንም ውሃው ከድንጋዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ፈለግሁ፤ እጄን አወጣሁ። ሦስት ተማሪዎችን አስቀድማ ዕድሉን ሰጠችኝ።