የአባ ዘውዱን ጋሪ ፍለጋ ወደ ሐደራ

ንጋት፣ ቤርሸባ ባቡር ጣቢያ

ፀሐይ ሳትወጣ ጣቢያ ደርሰናል። ሦስት ነን። እኔ የከተማ ፕላን ተማሪ ነኝ፤ ሊአት ሥነ ምግብ ታጠናለች፤ ዲማ ኮምፒውተር። ዩኒቨርሲቲያችን በሴሚስተር ዕረፍት ላይ የተለያየ ትምህርት የሚማሩ ልጆችን እየቀላቀለ ለጥቂት ሳምንት የምርምር ልምምድ ያስገባል። ሐሳቡ አንዱ ከሌላው እንዲማር ነው። እስካሁን እኔ ከዲማ የተማርኩት ቁርስ ሳይበላ እንደማይናገር ነው። እሱ ከእኔ ምን እንደተማረ ጠይቄው ነበር፤ ቁርስ አልበላሁም አለኝ።

የደረሰን ርዕስ «አረጋውያን ገበያ የሚሄዱት እንዴት ነው?» የሚል ነው። ለዚህም ሐደራ፣ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩትን አባ ዘውዱን መረጥን። ሰማንያን ያለፉ፣ የሊአት አያት ጎረቤት ናቸው። ዲማ የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ያለችበትን ቦታ ካርታ ላይ የምታሳይ መሣሪያ ከቤተ ሙከራ ተዋሰ። እጃቸው ላይ እንሰርልዎ ብንላቸው «ከብት ነኝ ወይ ቃጭል የምታስሩብኝ?» ብለው እንቢ አሉ። ተመካከርንና በሁለት ጎማ የምትጎተተው አረንጓዴ የገበያ ጋሪያቸው ላይ ለጠፍናት። በዚያስ አልተቃወሙም።

ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ካርታው ላይ አባ ዘውዱ ጠዋት ገበያ ይታያሉ፤ ቀትር ላይ ከከተማው ውጭ ጋን ሽሙኤል፣ አመሻሽ ላይ የባሕሩ ዳርቻ። አንድ ቀን ሠርግ አዳራሽ ገብተው እስኪነጋ አልወጡም። ኃላፊያችን ፕሮፌሰር ኖጋ ይህን አይተው ትናንት ጠሩን።

«ወይ ሽማግሌው ሯጭ ናቸው፣ ወይ መሣሪያውን ውሻ ላይ አስራችሁታል» አሉ። «እስከ ነገ ማታ ምክንያቱን ከነመሣሪያው ካላመጣችሁ ጥናታችሁን አልቀበልም።»

ጥናቱ ተቀባይነት ካላገኘ የልምምዱ ማስረጃ የለም። ማስረጃው ከሌለ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ እሳቸው ዘንድ የተመኘሁት ቦታ ሕልም ሆኖ ይቀራል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህን ከአንባቢ የምደብቅበት ምክንያት የለም።

ረፋድ፣ ባቡር ውስጥ

ባቡሩ በወታደር ተሞልቷል። ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። ዲማ አይብ ያለበት ሳምቡሳ መሰል ቡሬካስ ገዝቶ ሲበላ ሊአት ስለ ዘይቱ አስተማረችው። እያስተማረች ግማሹን በላችበት። እዚሁ አገር የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱን ግን በዕብራይስጥ ትጀምረዋለች።

ቴል አቪቭ ላይ ባቡር ቀየርን። ከዚያ ወዲያ በግራ በኩል አሸዋና ባሕር፣ በቀኝ የብርቱካን ማሳ። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ሲታዩ ሐደራ ተቃርቧል ማለት ነው። ዲማ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

«አባ ዘውዱ ተነሡ» አለ።

«እየሮጡ ነው?»

«ቀስ ብለው ነው። ወደ ገበያ ነው። አሁን ቆሙ። ሰው አገኙ መሰለኝ።»

«ናኮን፣ ሳባ ዘውዱ ሰው ካገኘ አይላቀቅም» አለች ሊአት። «ናኮን» ትክክል ነው፣ «ሳባ» አያት ማለቷ ነው።

እኔም ደስ አለኝ። ገበያ ላይ ከነጋሪያቸው እናገኛቸዋለን፣ አንድ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፣ ለምሳ እንመለሳለን ብዬ አሰብኩ።

ሐደራ ገበያ

ቲማቲም ተከምሯል፤ ኮሰረት የሚመስል ግን ኮሰረት ያልሆነ ቅጠል በእስር በእስር ተደርድሯል፤ ዓሣው በረዶ ላይ ተጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ነጋዴው ሁሉ ይጮኻል። ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ከእኛ አጠገብ ናት። ዞር ዞር አልን፤ አባ ዘውዱ የሉም። ቅመም የሚሸጥ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ በዕብራይስጥ ጠየቅን።

«አረንጓዴዋ ጋሪ? እንዴት አላውቃት። በየቀኑ ትመጣለች። አሁን ነው የሄደችው።»

«ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

«የምን ሽማግሌ? ዛሬ የጎተተቻት አንዲት ሴት ናት። ከትናንት ወዲያ ወታደር ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እርጉዝ ሴትና ባሏ እየተጣሉ ጎትተዋታል። እኔ ጋሪዋን ነው የማውቃት፤ ሰዎቿን አላውቃቸውም።»

ሦስታችን ተያየን። ዲማ ስልኩን አነሣ። ነጥቧ በኦቶቡስ ፍጥነት ወደ ጋን ሽሙኤል እየበረረች ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኛ ነው። ሮጠን የተሳሳተ ኦቶቡስ ውስጥ ገባን፤ ወርደን ሌላ ጠበቅን። ሊአት ለመጽናኛ አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ ገዛች። ስለ ጨው ብዛት ምንም አልተናገረች።

ጋን ሽሙኤል፣ ኦቶቡስ ማቆሚያ

እዚህ አየሩ የተቀቀለ ብርቱካን ይሸታል፤ የጭማቂ ፋብሪካው ቅርብ ነው። ማቆሚያው ላይ የሥራ ልብስ የለበሱ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው ጫማቸውን ያራግፋሉ። ጋሪ ግን የለም፤ ነጥቧም እንደገና ተነሥታለች። ሰላምታ ሰጥተን አረንጓዴ ጋሪ አይተው እንደሆነ ጠየቅናቸው።

«የአባ ዘውዱን ነው? አሁን በወንድሜ ልጅ ኦቶ፣ በመኪናው ሰደድኳት። እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ እስከ አያቴ ተናገርኩ። ሊአትም ተናገረች። ዲማ የሰርጌይ ልጅ ነኝ አለ፤ ሴትዮዋም አባቱን እንደሚያውቁ ሰው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ስማቸው ወይዘሮ አልማዝ ነው።

«ትናንት ተውሼያት ድንች አመጣሁባት» አሉ። «ዛሬ ገበያ ወስጄ ሎሚ ገዛሁባት። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል ታዲያ? የፋብሪካው ሽፍቴ ሊጀምር ነው ብዬ በልጁ ሰደድኳት።»

እዚያው ማቆሚያው ላይ ግንባሬን መታሁ። የጎንደር ልጅ ነኝ። እናቴ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ሌላ ቢጠፋ ሁለት እንቁላል ትጨምርበት ነበር። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በቤት ኤሊዔዘር አንድ ጋሪ የአንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ጥናት አቀድኩ።

«ማ ዜ፣ ይህ ምንድን ነው? ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሊአት። ነገርኳት፤ እሷም ግንባሯን መታች። ዲማ ምን እንደሆነ ባይገባውም እንዳይቀርበት ግንባሩን መታ።

ቤት ኤሊዔዘር፣ ከቀትር በኋላ

አባ ዘውዱ ሕንጻው ሥር፣ ጥላው ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ጋሪዋ አጠገባቸው ቆማለች፤ ሎሚ ሞልቶባት ክዳኗ አልገጥም ብሏል።

«መጣችሁ? ጎሽ። ሎሚ ውሰዱ።»

«አባ፣ እርስዎ ገበያ የሚሄዱት እንዴት ነው?» አልኳቸው። ልምምዱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ይህን ጥያቄ በአፌ ያወጣሁት።

«እኔ? ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ሹክ፣ ገበያውን ረግጬ አላውቅም። ሹኩ ራሱ ወደ እኔ ይመጣል።» ጋሪዋን በከዘራቸው ነካ አደረጓት። «ይቺ ቆማ ከምትዝግ ብዬ ለአንዷ ጎረቤት አዋስኳት። ሽንኩርት ይዛ መጣች። ያን ሁሉ ሽንኩርት እኔና ባለቤቴ እንዴት እንጨርሰው? በጋሪዋ ለታመመች ጎረቤት ሰደድኩት። በቲማቲም መለሰችው። ቲማቲሙን ሙሽሮች ወሰዱት፤ የሠርግ ዳቦ መጣ። አሁን ደግሞ ሎሚ። ልጄ፣ ማቆም አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ጋሪዋን እንከታተል አላችሁኝ፣ ተከታተሉ አልኩ። እኔን መቼ ጠየቃችሁኝ?»

ዲማ ነገሩን ለመለወጥ መሣሪያዋን ሊፈታ አጎነበሰ። አልተፈታችም። ዝናብም ግጭትም እንዳይነቅላት ብሎ በልዩ ሙጫ ለጥፏታል። በቢላ ሞከረ፣ በማንኪያ ሞከረ፣ በሩሲያኛም ሰደባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዲማ ሙጫም ከዚያው ወገን ነው።

«ጋሪዋን ይዛችኋት ሂዱ እንጂ» አሉ አባ ዘውዱ። «ግን ዓርብ ሳይመሽ መልሷት። ሰው ይጠብቃታል።»

እሺ ብለን ልንነሣ ስንል ከዘራቸውን በመንገዳችን ላይ ጋረጡ። ባለቤታቸው ድፎ ዳቦ፣ በርበሬና አንድ ጠርሙስ ማር ይዘው ወረዱ። ሎሚው ላይ ተጫነ። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ዕቃ ባዶውን አይወጣም ተባልን። ይህ ደግሞ አዲስ ሕግ ነው፤ እናቴም አልነገረችኝም።

መመለሻ፣ ባቡር ውስጥ

ባቡሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሎሚ ይንከባለላል። ጠዋት ተኝተው የነበሩትን የሚመስሉ፣ አሁን የነቁ ወታደሮች እየለቀሙ ያቀብሉናል፤ አንዱ ሦስቱን እየወረወረ እየቀለበ ተጫወተባቸው። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ፕሮፌሰር ኖጋ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ትናንቱ አይደለም።

«ካርታውን እያየሁ ነው። ሽማግሌው በባቡር ወደ እኛ እየመጡ ነው! ለምን አልነገራችሁኝም? ወንበር ላዘጋጅ? ሻይ ይጠጣሉ?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ስደውልም አልተነሣም። ወንበር ፍለጋ ሄደው ነበር።

አመሻሽ፣ ቤርሸባ

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፕሮፌሰር ኖጋ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ሻይና ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ከቢሯቸው የመጡ ሦስት ሰዎችም አሉ። እኛ ጋሪ እየጎተትን ደረስን። ፕሮፌሰሯ ከትከሻችን በላይ ወደ ኋላ አዩ።

«የት ናቸው?»

«ቤታቸው ናቸው» አልኩ። «መቼም ከቤታቸው ወጥተው አያውቁም።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽንኩርቱን፣ ሠርጉን፣ ሎሚውን፣ ያልጠየቅነውን ጥያቄ። ዲማ ሰው ባጣው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ሊአት በክርኗ ነካችው።

ፕሮፌሰሯ የጋሪዋን ክዳን ከፈቱ። ዳቦው ሸተተ። ቆርሰው ቀመሱና ቆመው ብዙ አኘኩ።

«ዓርብ መመለስ አለባት?»

«አዎ። ግን ባዶዋን...»

«ገብቶኛል» አሉ። ወደ ቢሯቸው ገብተው አንድ ካርቶን ተምር ይዘው ወጡና በእጃቸው ጋሪዋ ውስጥ አስቀመጡት። «እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ዲማ ሙጫ የሚያቀልጥ ፈሳሽ ከቤተ ሙከራው አምጥቶ ጋሪዋ ሥር ሲንበረከክ አይተው ጮኹበት።

«ተዋት፤ እንዳትነቅላት። ጥናቱ ገና መጀመሩ ነው።»