እማዬ በእጥፍ ፍጥነት

ምሥራቅ ስትወለድም ቸኩላ ነው ይባላል። አዋላጇን ሊጠራ የወጣው ሰው ገና የኩታበርን ወንዝ ሳይሻገር እሷ እሪታዋን አቅልጣው ነበር። አድጋም አልተሻላትም። ቆማ ትበላለች፣ እየሄደች ጸጉሯን ትይዛለች፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ትመልሳለች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ አገባች፣ በሃያዋ ፈታች፣ በሃያ ሁለቷ ፓስፖርት አውጥታ ዱባይ ገባች።

እናቷ እታገኘሁ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ፍጥረት ነበረች። አንድ ነገር ልትናገር ስትነሳ መጀመሪያ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቀጥላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ «እንግዲህ» ትላለች። ከ«እንግዲህ» እስከ ቁም ነገሩ ድረስ እንግዳ ጫማውን አውልቆ እግሩን ታጥቦ ይጨርሳል። ልጇን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ትመክራት ነበር፤ ልጅት ግን ተረቱ ሳያልቅ ደጁን አልፋ ሄዳለች።

ዱባይ ውስጥ ምሥራቅ የምትሠራው አል ማምዛር ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ማዳሚቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ «ያላ፣ ያላ» እያለች ማጣደፍ ግን ትወዳለች። ደግነቱ ምሥራቅ ሳትባልም የምትሮጥ ስለሆነች ሁለቱ ተስማምተው አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እሑድ እሑድ ዕረፍቷ ነው። ያን ቀን ሳትዋ የሚባል ሰፈር ትሄድና የከሚሴዋ ልጅ ሐጂራ ከሰባት ሴቶች ጋር በተከራየችው፣ ቢድ ስፔስ በሚሉት የጋራ ክፍል፣ የሐጂራ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታወራ ትውላለች።

ከእናቷ ጋር የሚያገናኛት የድምፅ መልእክት ነበር። እታገኘሁ መጻፍ አታውቅም፤ በዋትስአፕ መደወል ደግሞ እዚያ አገር አይሠራም። ስለዚህ የምሥራቅ ወንድም የዋሲሁን ሚስት ትዕዛዝ ስልኩን ከፍታ፣ መቅጃውን ነክታ፣ አማቷ እጅ ላይ ታስቀምጥላታለች። እታገኘሁም ነጠላዋን አስተካክላ ትጀምራለች። «እንግዲህ… እንደምን ከረምሽ ልጄ… ጤናሽ ደህና ነው… ማዳሚቱስ… ልጆቿስ… ያቺ ትንሿ፣ ጥርሷን ያወለቀችው…» ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ የጎረቤት ሠርግ፣ የዕድር ነገር፣ የዝናቡ መቅረት፣ የላሟ መታመም፣ ምርቃት። ስምንት ደቂቃ፣ ዘጠኝ ደቂቃ።

ምሥራቅ ደግሞ ለራሷ ያላት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ጠዋት ከሥር ካለችው ትንሽ ሱቅ፣ በቃላ ከሚሏት፣ ዳቦና ወተት ገዝታ እስክትመለስ። ማዳመጫውን በሻሿ ሥር ደብቃ ሊፍት ውስጥ ትገባለች፤ እናቷ ገና የማዳሚቱን ልጆች በየተራ እየጠየቀች ሳለች እሷ ተመልሳ በሩ ላይ ትደርሳለች። ቀሪውን ማታ ስትል ትረሳዋለች፣ በማግስቱ ሌላ ይደርስባታል።

መድኃኒቱን ያገኘችላት ሐጂራ ነች። አንድ እሑድ ስልኳን ተቀበለቻትና «አንቺ ሴት፣ ይቺን ቁጥር ንኪያት እስቲ» አለቻት። «ዋላሂ ትገላገያለሽ።»

ምሥራቅ ነካችው። አንድ የነበረው ፍጥነት አንድ ተኩል ሆነ፤ ደግማ ነካችው፣ ሁለት ሆነ። በሕይወቷ ሮጣ የማታውቀው እታገኘሁ ሮጠች። ቃላቱ እየተጋፉ፣ ቀጭን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየረገጠ። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ወድቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እማዬ በቃ እኔን መሰለች» አለች ምሥራቅ።

ከዚያ ወዲህ በእጥፍ ካልሆነ አትሰማም። ስልኳ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ሳይነጋ ይቀሰቅሳታል፣ ማዳሚቱ በዐረብኛ የጻፈችውን የገበያ ዝርዝር ይተረጉምላታል፣ የማታውቀው ሰፈር ስትላክ መንገድ ይመራታል። እነዚያን ሁሉ ብትነጠቅ ታለቅስ ነበር፤ ያችን ቁጥር ብትነጠቅ ግን የምትኖር አይመስላትም። ስምንቱ ደቂቃ አራት ሆነላት። በቃላ ደርሳ ስትመለስ እናቷ መርቃ ጨርሳለች። አይፈረድባትም፤ ሰው አገር ያለ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ሦስት ዓመት እንዲህ ሰማቻት።

ባለፈው ሐምሌ መልእክቶቹ ማጠር ጀመሩ። ላሟና ሠርጉ ቀርተው ሰላምታና ምርቃት ብቻ ሆኑ። ምሥራቅ ደስ አላት፤ እማዬ ስልክ ለመደች፣ ማሳጠር አወቀች ብላ። ዋሲሁን አልፎ አልፎ ቀርጾ የሚልክላት ቪዲዮም ቀረ። «ኔትወርኩ አልችል አለ» አላት፤ አመነችው። ከሁሉ የገረማት ግን ድምፁ ነው። ድሮ በእጥፍ ስትሰማት ቃላቱ ይጋፉ ነበር። አሁን ግን ዝግ ብለው፣ ተራ ጠብቀው ይመጣሉ። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው፣ ሳትጎትት ሳትሮጥ የምትናገር ሴት ሆናለች። እሷም መለሰችላት፦ «እማዬ፣ ድምፅሽ እንዴት አማረ! ዘንድሮ ልጃገረድ መሰልሽ እኮ!»

ነሐሴ ላይ ማዳሚቱ ስለ ፈቃድ አነሳችባት። አሁን መሄድ ከፈለገች አንድ ወር ትሰጣታለች፤ ከታገሰች ግን ጥር ላይ ሁለት ወር። ምሥራቅ ለእናቷ ላከች፦ «አሁን ልምጣ ወይስ ጥር ይሻላል? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።» መልሱ በማግስቱ መጣ። በቃላው በር ላይ ቆማ ሰማችው። «ጥርም ጥሩ ነው ልጄ። ጥርም አገሩ ደስ ይላል። እመብርሃን ትከተልሽ።» ምርቃቱ ላይ ስትደርስ ዘጋችው፤ ዳቦውን ታቅፋ ወደ ሊፍቱ ሮጠች፤ ለማዳሚቱም ጥር አለቻት።

ጥቅምት ሁለተኛው እሑድ ጠዋት ሐጂራ ደወለች። «አሞኛል፣ ቶሎ ነይልኝ» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እታገኘሁ ከሞተች አምስት ቀኗ ነበር፤ ሳትዋ ያሉ የወሎ ልጆች በሙሉ ያውቃሉ። ዋሲሁን ለሐጂራ ነው የደወለው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ሰብስቡና ንገሩልኝ ብሎ። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ደጇ ላይ ይቆሙ ነበር። እዚህ ግን መርዶም የዕረፍት ቀን ይጠብቃል።

ምሥራቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ስታይ ቆመች። ውስጥ ሴቶቹ ቆመዋል፤ ሐጂራ ምንም አላመማትም። ከጎረቤት ከተማ ከዓጅማን የመጡት ጋሽ ግርማ፣ የተማሪ አውቶቡስ የሚነዱት፣ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰዋል።

«ምሥራቅዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሏት።

«እማዬ ናት?» አለች። ሐጂራ ወገቧን ያዘቻት። እዚያ ቤት ውስጥ ስለሆነው ነገር መናገር አያስፈልግም፤ እናቱን የቀበረ ያውቀዋል፣ መቅበር ያልቻለም የበለጠ ያውቀዋል።

ማዳሚቱ ሦስት ቀን ፈቀደችላት። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ሄደው ክፍሉ ጭር ብሎ ነበር፤ ሐጂራ ብቻ ፈቃድ ወስዳ ጥጉ ላይ ምስር ትቀቅላለች። ምሥራቅ የእናቷ ድምፅ አማራት። ስልኩን ከፈተችና የመጨረሻውን መልእክት ነካችው። ስልኩ ልማዷን አልረሳም፤ በእጥፍ ጀመረ። በአሥር ሰከንድ ግማሹ አለቀ። ደነገጠች። ሕይወቷን ሙሉ ስትሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እንዳያልቅባት ፈራች። አስቆመችው፤ ያችን ቁጥር አንድ እስክትሆን ነካክታ እንደገና ከፈተችው።

«እንግዲህ…» አለች እታገኘሁ። ከዚያ ዝም። ዝምታው ውስጥ ትንፋሽ አለ፤ ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሰው ትንፋሽ። «እንደምን…» ትንፋሽ። «ከረምሽ…» ትንፋሽ። አንድ ቃል ብላ ታርፋለች፤ ሌላ ቃል ብላ ታርፋለች። ያማረ የመሰላት ድምፅ፣ ያ ተራ ጠብቆ የሚመጣው፣ ትንፋሽ ያጠራት ሴት ድምፅ ነበር። ስልኩ ክፍተቱን ሁሉ እያጠበበ ጤነኛ አድርጎ ሲያሰማት ከርሟል።

ምሥራቅ እያለቀሰች ወደ ኋላ ሄደች። የመስከረሙን ሰማች፤ ትንሽ ይሻላል። ደግሞ ሌላ የመስከረም፤ ያም ትንሽ ይሻላል። ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር እናቷ እየዳነች መጣች። ነሐሴ ላይ ስትደርስ፣ ስለ ፈቃዷ የመለሰችላትን አገኘችው።

«ጥርም…» አለች እናቷ። ረጅም ዝምታ፤ እንባ ይሁን ትንፋሽ የማይለይ ነገር። «ጥሩ ነው ልጄ።» ከዚያ ምርቃቱ። ምሥራቅ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትዘጋው። እታገኘሁ ግን መላክ አታውቅም ነበር፤ ተናግራ ስትጨርስ ትዕዛዝ መጥታ እስክትልክላት ስልኩን እንደያዘች ትቀመጣለች፤ መቅጃውም አብሯት ይቀመጣል። ዛሬ ምሥራቅ አልዘጋችውም። አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ሳል፣ ከዚያ የሰው ኮቴ።

«ጨረሱ እማማ?» የትዕዛዝ ድምፅ ነው።

«ጨረስኩ።»

«እና ሳይነግሯት? ጥር እኮ ሩቅ ነው። እኔ ልንገራት?»

ትንፋሽ። «ምኑ ይነገራል ትዕዛዝ። ድምፄን እየሰማች እኮ ነው። ልጄ አይደለች፣ በድምፄ ታውቅብኛለች ብዬ ነበር።» ሌላ ትንፋሽ። «ድምፅሽ አማረ አለችኝ። ይሁን… ሥራዋን ትሥራ።»

መልእክቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ሐጂራ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። «ያ ረቢ! እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያሳየሁሽ።»

«ተይ» አለቻት ምሥራቅ። «አንቺ ቁጥር ነው ያሳየሽኝ። እናቴን ያስሮጥኳት እኔ ነኝ።» ሐጂራ እሳቱን አጥፍታ መጥታ አቅፋት ተቀመጠች።

ዋሲሁን አመሻሹ ላይ በቀጥታ መስመር ደወለ። ለቅሶ ሲያስተናግድ ሰንብቶ ድምፁ ጎርንኗል። እንዴት ውለሽ፣ በልተሻል ወይ አላት። ከዚያ ሊያጽናናት ቀናት ሙሉ ያዘጋጀውን ነገር አወጣ።

«ስሚኝ እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ደስ እንዲልሽ። የእማዬ ጭንቀቷ አንቺ እንዳትሰሚ ብቻ ነበር። ሰው አገር ሆና እንዳትሳቀቅብኝ፣ አታስደንግጧት ስትል ነው የከረመችው። አንቺ ምንም ሳታውቂ በሰላም አረፈች። ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ትዕዛዝ አልተለየቻትም ነበር፣ ይኸው አጠገቤ ናት፣ ጠይቂያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ። ምሥራቅ አልጠየቀቻትም። በኋላ ትዕዛዝ «አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «ደስ ብሏት ነው።»

ምሥራቅ ለወንድሟ ልትነግረው ትችል ነበር። መልእክቱን ብትልክለት ግን እሱም ዕድሜ ልኩን ይሰማዋል፤ ያ ሰው የተጽናናው እማዬ ደስ ብሏት ሄደች በማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ዋሲሁን ስልኩን መልሶ ተቀብሎ «ሰማሽ አይደል?» አላት።

«አዎ» አለችው። «ምንም አላወቅኩም።»