የመንጌው አስማተኛ

ጨዋታውን አሶሳ ያመጣው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የመሥሪያ ቤታችን መሐንዲስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ በተከራየው ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ አራት ሆነን እንቀመጣለን። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ እኛ እያንዳንዳችን በምናብ አንድ የታሪኩን ሰው እንሆናለን፤ ማን እንደሚያሸንፍ የምንወረውረው ዳይስ ይወስናል። ሁለቱ ባልደረቦቼ ቀድመው ስለመረጡ ለእኔ የተረፉት ተዋጊና አስማተኛ ነበሩ።

«አንተ ተዋጊውን ያዝ» አለኝ መሐንዲሱ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። «ቀስት አለው፤ ያምርብሃል።»

እኔ እዚሁ አቅራቢያ መንጌ ተወልጄ አሶሳ ያደግሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀስት የነካሁት አንዴ ለባህል ቀን ፎቶ ስነሣ ነው፤ እሱንም ገልብጬ ይዤው ተስቆብኛል። የምፈልገው እዚያ ወንበር ላይ እንደ ማንኛውም ሰው መቀመጥ ብቻ ነበር፤ እነሱ ያሻቸውን ሆነው የለ እንዴ? «አስማተኛውን» አልኩ።

ጉድ ፈላ። የመንጌ ሰው መተት ያውቃል ይባላል፤ ሦስቱም ተያዩ። ፓዌ ያደገው ባልደረባችን «ለእሱማ ልምምድም አያስፈልገው፣ የአገሩ ሙያ ነው» ብሎ ሳቀ። ሌላው ወንበሩን ፈቀቅ አደረገ። ቀልድ ነው አሉኝ። ለቀልድ ወንበር የሚያሸሽ ሰው ግን ያኔ ገና ማየቴ ነበር። ያም ሆኖ ተጫወትኩ፤ የታሪኩን ዘንዶም ገደልኩላቸው። አንድም ያመሰገነኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ያስገባው ማመልከቻ ውድቅ ሆኖበት ከርሟል።

«እናንተ አገር መቼም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአለቃችን ልብ እንዲራራ፣ ትንሽ ነገር። እስቲ አባትህን ጠይቅልኝ።»

የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰውዬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ድልድይ በስሌት የሚያቆም ሰው እኮ ነው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

«አባቴ የፊዚክስ መምህር ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ። «ለዚህማ ነው ማንም የማይጠረጥራቸው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳልቀመጥ ተዋጊውን ስጡኝ አልኳቸው። ሦስቱም እፎይ አሉ። መሐንዲሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ድሮም ብዬህ ነበር» አለኝ፤ «አንተ የተፈጠርከው ለዚህ ነው።»